ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ለመማር ሦስት አማራጭ አለኝ፤ የምር ርካሹ የትኛው ነው?

ሠራተኛዋ_ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን በዲግሪ ለመማር ወስኛለሁ። ሥራ ላይ ነኝ። በአካውንቲንግ የሁለት ዓመት ዲፕሎማ አለኝ። ከሦስት ቦታ ተቀብለውኛል። አሁን የቸገረኝ ዋጋቸውን ማወዳደር ነው፤ አንዱ ክፍያውን በዓመት፣ አንዱ በክሬዲት፣ አንዱ በስድስት ወር ነው የሚጠራው።

እንዲመቻችሁ ሁሉንም ወደ አንድ ገንዘብ ቀይሬ ቁጥሩን ብቻ ላስቀምጥ፦

ሀ) ግቢ ውስጥ የሚሰጥ የቀን ትምህርት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። በዓመት 3,000፣ አራት ዓመት ይፈጃል። የዲፕሎማ ኮርሶቼን አይቀበልም። ሥራዬን መልቀቅ አለብኝ።

ለ) ኦንላይን። በክሬዲት 90። ጠቅላላው 120 ክሬዲት ሲሆን ከዲፕሎማዬ 30 ይይዙልኛል።

ሐ) ኦንላይን። በስድስት ወር 2,100። በዚያ ጊዜ ውስጥ የቻልኩትን ያህል ኮርስ ብጨርስ ተጨማሪ አይጠይቁኝም። 60 ክሬዲት እንይዝልሻለን ብለዋል።

ለኔ «ለ» ርካሽ መሰለኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ «በዓመት 3,000 ብቻ እያለ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይሉኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ዝም_ብዬ_አንባቢ

ሀ። አለቀ።

ደብተር_ያዥ

ኧረ ቀስ! ሳይደመር እንዴት ያልቃል?

እህቴ፣ በዓመት ስንት፣ በክሬዲት ስንት የሚለው የሻጭ ዋጋ ነው። አንቺን የሚመለከትሽ ዲግሪውን እጅሽ እስክታስገቢ ከኪስሽ የሚወጣው ድምር ነው። እስኪ እናውጣው።

ሀ፦ 3,000 በ4 ሲባዛ 12,000። ግን ሥራ ትለቂያለሽ ብለሻል። ደመወዝሽን አልጠይቅሽም። በወር 250 ብቻ ነው እንበል። በ48 ወር 12,000 ያጣሽ ማለት ነው። ክፍያው እጥፍ ሆነ። በ3,000 የተጀመረው 24,000 ላይ ደረሰ።

ለ፦ የቀረሽ 90 ክሬዲት ነው። በ90 ሲባዛ 8,100። እዚህ ላይ አትቁሚ። የቴክኖሎጂ ክፍያ አለ? መጽሐፍ ለብቻ ነው? የምረቃ ክፍያስ?

ሐ፦ የቀረሽ 60 ክሬዲት ነው። በአንድ ተርም (በስድስት ወር) 12 ክሬዲት ከጨረስሽ አምስት ተርም፣ 10,500። 20 ከጨረስሽ ሦስት ተርም፣ 6,300። 9 ብቻ ከጨረስሽ ሰባት ተርም፣ 14,700። ያው ትምህርት ቤት፣ ያው ዲግሪ ነው፤ ዋጋው ግን እንደ ፍጥነትሽ ከ6,300 እስከ 14,700 ይለያያል።

የ«ለ»ን ተጨማሪ ክፍያዎች አምጪና እንጨርሰው።

ሠራተኛዋ_ተማሪ

ተባረክ! ካታሎጉን ከፍቼ አየሁት። በሴሚስተር 180 የቴክኖሎጂ ክፍያ አለ፤ አንድ ኮርስም ወሰድኩ አምስት ያው ነው። መጽሐፍ ለብቻ ነው፣ በአማካይ በኮርስ 60 ገደማ። ይሄ ሁሉ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አልነበረም። «ሐ» መጽሐፉንም የኦንላይን ሲስተሙንም 2,100 ውስጥ አካቶታል።

ደብተር_ያዥ

አየሽ። እያንዳንዱ ኮርስ 3 ክሬዲት ከሆነ 90 ክሬዲት 30 ኮርስ ነው። መጽሐፉ 1,800። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ከወሰድሽ አሥር ሴሚስተር ይሆናል፤ የቴክኖሎጂ ክፍያው ሌላ 1,800። 8,100 የነበረው 11,700 ሆነ።

የተደበቀ ሌላም አለ። አሥር ሴሚስተር አምስት ዓመት ነው። በክሬዲት 90 የሚለው ዋጋ አምስት ዓመት ሙሉ ባለበት አይቆምም። በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምሩ የመጨረሻው ዓመት ክሬዲት 105 ገደማ ይገባል። 8,100ው ብቻውን ወደ 8,770 ያድጋል።

ስለዚህ የኔ ስሌት ይሄ ነው፦ በስድስት ወር አራት ኮርስ የምትጨርሺ ከሆነ «ሐ» ይረክሳል። ሦስት ብቻ ከሆነ «ለ»። መስመሩ እዚያ ላይ ነው።

ጠዋት_ክላስ

ሁሉም ሰው ኦንላይን ኦንላይን ሲል ግቢ የተማርን ሰዎች ትንሽ እንናገር።

የሂሳብ ስሌቱ ልክ ነው። ግን 12,000 ያጣችው ደመወዝ ተብሎ ሲቆጠር ከሌላው ወገን የሚገኘው አልተቆጠረም። ግቢ ውስጥ ኢንተርንሺፕ አለ። ቀጣሪዎች ራሳቸው መጥተው የሚመለምሉበት ቀን አለ። አጠገብሽ የተቀመጠው ልጅ ነገ ባንክ ውስጥ ወይም አስመጪ ቢሮ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ቢዝነስ ደግሞ ከሌላው ትምህርት ሁሉ በላይ የሰው ሥራ ነው።

ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የለጠፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው አይደለም። የውጤት ስኮላርሺፕ፣ የኑሮ ድጎማ፣ ግቢ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ሥራ ይኖራል። በአሜሪካ ለምሳሌ ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ «ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር» (ድጎማው ተቀንሶ ተማሪው የሚከፍለውን የሚያሰላ) ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ በሕግ ተገደዋል። ምክንያቱም የተለጠፈው ዋጋና ተማሪው የሚከፍለው ሰማይና ምድር ስለሆነ ነው። (ዓመቱ በፈረንጆች ነው።) ስለ ስኮላርሺፕ ጠይቀሻል?

ሠራተኛዋ_ተማሪ

ጠይቄያለሁ። ስኮላርሺፑ ከሁለተኛ ደረጃ ገና ለጨረሱ ብቻ ነው አሉኝ። እኔ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ሥራ ብለቅ ደግሞ የቤት ኪራይ የሚከፍልልኝ የለም። ኢንተርንሺፑም ለኔ ብዙ ትርጉም የለውም፤ አሁን ያለሁበት ሥራ እሱ ነው።

ጠዋት_ክላስ

እንዲህ ከሆነ ላንቺ ልክ ነሽ። እኔ የምለው ገና 18 ዓመቱ ለሆነና ሥራ ለሌለው ልጅ ነው። የሚያጣው ደመወዝ ስለሌለ ያ ሁሉ ስሌት ይገለበጣል። ይህን ክር የሚያነቡ እንደዚያ ያሉ ብዙ ይኖራሉ ብዬ ነው።

የመድረኩ_አስተባባሪ

አንድ መልስ አጥፍቻለሁ። «ዕውቅና ያለው ቢቢኤ በስድስት ወር፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ» የሚል የኤጀንት ማስታወቂያ ነበር (ቢቢኤ የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን የመጀመሪያ ዲግሪ ነው)። እባካችሁ እዚህ አይለጠፍ።

የሬጅስትራር_ሰው

አስተባባሪ፣ እጅህ ይባረክ። እግረ መንገዴን አንድ ቃል ልበልበት። ርካሽ የሆነው ሁሉ መጀመሪያ በዕውቅና መፈተሽ አለበት። ዕውቅናውን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ አይደለም የምታዩት። የሀገሩ የትምህርት ባለሥልጣን ያወጣውን ዝርዝር ከፍታችሁ የትምህርት ቤቱን ስም ራሳችሁ ፈልጉ። ዕውቅና ሰጪውንም ጭምር አጣሩ፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ለራሱ ዕውቅና የሚሰጥ ድርጅት ራሱ አቋቁሞ አርማውን ከግርጌ ይለጥፋል። ዲግሪው ሥራ ቦታ ተቀባይነት ካጣ 1,000ም ቢሆን ውድ ነው።

አሁን ወደ እህታችን ጉዳይ። ደብተር_ያዥ ጥሩ አድርጎ አስልቶታል። ግን ስሌቱ የቆመው «60 እንይዝልሻለን» በሚለው ቃል ላይ ነው። እኔ ሬጅስትራር ቢሮ ትራንስክሪፕት ስገመግም ነው የኖርኩት፤ ይቺን ቃል አላምናትም።

እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የመጣው ትራንስክሪፕት በግራ በኩል ይቀመጣል። በቀኝ በኩል የዲግሪው የኮርስ ዝርዝር አለ። ገምጋሚው አንድ በአንድ ያያይዛል። «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ 1» ከ«ፋይናንሻል አካውንቲንግ» ጋር ይገጥማል፤ የኮርስ መግለጫው ይነበባል፣ ምዕራፎቹ ይታያሉ፣ ግሬዱ ከሲ በታች ካልሆነ ያልፋል። «የግብር ሕግና አሠራር» የሚል ኮርስ ይመጣል። የዲግሪው ዝርዝር ውስጥ አቻ የለውም። ምን ይደረጋል? አይጣልም። «ኤሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ተብሎ ይመዘገባል። «የጽሕፈት ቤት አሠራር»ም እንደዚያው። «የኮምፒውተር መለማመጃ»ም እንደዚያው።

ችግሩ የዲግሪው ዝርዝር ለኤሌክቲቭ የተወው ቦታ ውስን መሆኑ ነው። 12 ክሬዲት ብቻ ከሆነ፣ አንቺ 25 ክሬዲት ኤሌክቲቭ ይዘሽ ብትመጪ 13ቱ ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይጻፋል እንጂ ከሚቀርሽ ላይ አንዲትም አይቀንስም። የአድሚሽን ሠራተኛው «60 ተቀብለናል» ሲልሽ አልዋሸም። ግን 60 ክሬዲት ቀነሰልሽ ማለት አይደለም።

ስለዚህ የምትጠይቂው «ስንት ትቀበላላችሁ?» ብለሽ አይደለም። «እኔ ለመመረቅ ስንት ክሬዲት እዚህ መውሰድ ይቀረኛል? ዝርዝሩን ኮርስ በኮርስ ላኩልኝ» በይ። በጽሑፍ። ከመክፈልሽ በፊት።

ሠራተኛዋ_ተማሪ

ወይ ጉድ። ዛሬውኑ ለሁለቱም እጽፋለሁ።

ሩቅ_አሳቢ

መልስ እስኪመጣልሽ እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። ጀርመን ነፃ ነው እየተባለ ለምን አታስቢበትም?

ደብተር_ያዥ

ጀርመን ላይ «ነፃ» የሚለው የትምህርት ክፍያውን ብቻ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ክፍያን በየክፍለ ግዛቱ ሲያስቀሩ ቆይተው በፈረንጆች 2014 የመጨረሻዋ ኒደርዛክሰን አስቀረችው። ይሄ እውነት ነው። ግን ባደን ቩርተምበርግ ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጡትን በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም በ2024 ለእንዲህ ዓይነት ተማሪዎች ክፍያ ጀምሯል። ቪዛ ለማግኘት ደግሞ ለአንድ ዓመት መኖሪያ የሚሆን 11,904 ዩሮ ብሎክድ አካውንት ውስጥ አስገቢ ይሉሻል። ገንዘቡ ያንቺው ነው፣ በየወሩ እየተቆረጠ ይሰጥሻል። ቢሆንም መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ማቅረብ አለብሽ። አብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪም በጀርመንኛ ነው።

ኖርዌይም በነፃነቷ ትታወቅ ነበር። ከ2023 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ የሚመጡትን ማስከፈል ጀምራለች። ከአሥር ዓመት በፊት የተጻፈ «ነፃ ሀገሮች» ዝርዝር አይታችሁ እንዳትነሱ።

ሩቅ_አሳቢ

እሺ፣ ገባኝ። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕልስ? እሱም ነፃ ነው ይባላል።

የማታ_ተማሪ

እሱን ላስረዳ። በፈረንጆች 2009 የተቋቋመ የአሜሪካ ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ ነው። ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ከጅምሩ ከሚሰጣቸው ትምህርቶች አንዱ ነው። ለማስተማሪያ አያስከፍልም። የማመልከቻ ክፍያና ለእያንዳንዱ ኮርስ የምዘና ክፍያ ግን አለ። የመጀመሪያ ዲግሪው 40 ኮርስ ስለሆነ የዛሬውን የምዘና ክፍያ አይታችሁ በ40 አባዙ። መጽሐፉ ነፃ ነው፣ በኦንላይን የሚገኝ ነው።

ያም ሆኖ ከብዙዎቹ ይረክሳል። ልብ በሉ፤ ብዙው ሥራ በጽሑፍ ነው። በየሳምንቱ የውይይት ጽሑፍ አለ፣ እኔ በነበርኩበት ጊዜ የክፍል ጓደኞቻችንን ሥራ እኛው እናርም ነበር፣ የኛንም እነሱ ያርሙ ነበር። አንዳንዱ ሰው ይወደዋል። እኔ አልወደድኩትም፤ ሁለት መስመር ጽፎ ለሁሉም ሙሉ ማርክ የሚሰጥ አይጠፋም ነበር።

ጥያቄ_አለኝ

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የእንግሊዝ ትምህርት ቤት «360 ክሬዲት» ይለኛል፣ የኔዘርላንድ «180»፣ የአሜሪካ «120»። በክሬዲት ሳወዳድር የእንግሊዙ በጣም ርካሽ ሆነ። ልክ ነኝ?

ደብተር_ያዥ

በፍጹም። መለኪያው ይለያያል። አውሮፓ ውስጥ ሙሉ ጊዜውን የሚማር ሰው በዓመት 60 ክሬዲት ይወስዳል፤ ሦስት ዓመት 180። እንግሊዝ ያንኑ ዓመት 120 ብላ ትቆጥረዋለች፤ ሦስት ዓመት 360። አሜሪካ በዓመት 30 ገደማ፤ አራት ዓመት 120። ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ክሬዲት በግምት ሁለት የአውሮፓ ወይም አራት የእንግሊዝ ነው። የእንግሊዙን የአንድ ክሬዲት ዋጋ በ4፣ የኔዘርላንዱን በ2 አባዛና ከአሜሪካው ጎን አስቀምጠው። ከዚያም በላይ የአሜሪካው አራት ዓመት፣ የሌሎቹ ሦስት ዓመት መሆኑን አትርሳ። የአንድ ዓመት የቤት ኪራይና ምግብ ብቻውን ልዩነቱን ሊበላው ይችላል።

ጥያቄ_አለኝ

ኧረ እናመሰግናለን! ሌላ አንድ ብቻ። «ኤኤሲኤስቢ ዕውቅና አለን» እያሉ ዋጋ ይሰቅላሉ። ያስፈልጋል?

የሬጅስትራር_ሰው

ኤኤሲኤስቢ በ1916 የተቋቋመ የአሜሪካ ድርጅት ነው። ዕውቅናው ለቢዝነስ ትምህርት ክፍሉ ብቻ የሚሰጥ ነው። ኢኩዊስ የአውሮፓው ነው፤ አምባ የሚባለው የለንደኑ ደግሞ በተለይ ኤምቢኤን (የቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ሁለተኛ ዲግሪን) ይመለከታል። ሦስቱንም የያዘ ትምህርት ቤት ሲገኝ «ትሪፕል ክራውን» እያለ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል።

የኔ አስተያየት፦ ለመጀመሪያ ዲግሪ ግዴታ የሚሆነው የተቋሙ ሕጋዊ ዕውቅና ነው። እነዚህ ከዚያ በላይ የሚመጡ ናቸው። ወደ ፊት ፒኤችዲ ይዘህ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ካሰብክ፣ ወይም የትምህርት ክፍያህን የሚሸፍነው ቀጣሪህ በደንቡ ከጠየቀ፣ ክፈልበት። በመሥሪያ ቤትህ ከፍ ለማለት ብቻ ከሆነ እጥፍ የሚያስከፍል ምክንያት አላይም።

ኤምቢኤ_ወይስ_ትዳር

ስለ ኤምቢኤ የሚያወራ የለም? ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ማድረግ አልቻልኩም፣ ስሜ እንደሚለው 😄

የማታ_ተማሪ

😄 ትዳሩ በክሬዲት አይከፈልም፣ እሱን ቅደም።

በቁም ነገር፣ ኤምቢኤ ላይ ዋጋውን ያናጋው የኦንላይኑ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በፈረንጆች 2016 ኮርሴራ ከሚባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ጋር ሆኖ ሙሉ ኤምቢኤ በ22,000 ዶላር አካባቢ ጀመረ። ፈላጊው በዝቶ በ2019 የመደበኛውን የሙሉ ጊዜ ኤምቢኤ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቀጥሎ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ በ2020 በ24,000 ዶላር የራሱን ጀመረ። በየግቢው ከሚከፈለው ጋር ስታወዳድረው በጣም ያንሳል። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለወጥ የዛሬውን ራስህ እይ። ኤምቢኤ ላይ ትልቁ ወጪ ግን ያው ሥራ ለቆ የሚታጣው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝህ ከፍ ባለ ቁጥር ኦንላይኑ እያዋጣ ይሄዳል።

ዕዳ_ፈሪ

ማንም ስለ ብድር አላነሳም። 12,000 ተበድራችሁ በ8 በመቶ ወለድ በአሥር ዓመት ብትከፍሉ በወር 145 ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ድምሩ ግን 17,470 አካባቢ ይደርሳል። ከ5,000 በላይ ለማንም አስተማሪ ያልተከፈለ ገንዘብ ማለት ነው። እየተማራችሁ ወለዱ የሚቆጠር ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ብድሩ መቼ ወለድ መቁጠር እንደሚጀምር ሳታውቁ አትፈርሙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለሠራተኛዋ እህታችን፦ መሥሪያ ቤትሽ የትምህርት ድጋፍ አይሰጥም? ብዙ ቦታ የሰው ኃይል መምሪያው ውስጥ ተጽፎ ማንም ሳይጠይቅ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። አሜሪካ ላሉት፣ ቀጣሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ለሠራተኛው ትምህርት ከግብር ነፃ መክፈል ይችላል።

ሠራተኛዋ_ተማሪ

ተመለስኩ! ሁለት ዜና አለኝ።

አንደኛ፣ የሰው ኃይል ክፍሉን ጠየቅኩ። የግማሽ ክፍያ ድጋፍ አለ። ግን በዓመት ጣሪያ አለው፣ ግሬድ ቢ እና ከዚያ በላይ ያመጣሁበትን ኮርስ ብቻ ነው፣ ገንዘቡም ካለፍኩ በኋላ ነው የሚመለስልኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ከኪሴ ነው። ከጨረስኩ በኋላም ሁለት ዓመት እዚያው መሥራት አለብኝ። እሱ ችግር የለውም።

ሁለተኛ፣ የሬጅስትራር_ሰው ያለችው ደርሷል። «ሐ» ዝርዝሩን ላከልኝ። 60 ተቀበልን ካሉት ለዲግሪው የሚቆጠረው 48 ነው። የግብር ኮርሴ፣ የፔይሮል ኮርሴ፣ ሁሉም ኤሌክቲቭ ሆነው ተከማችተዋል። የሚቀረኝ 72 ክሬዲት ነው። «ለ» ደግሞ ከ30ው 27ቱን ነው የቆጠረልኝ፤ የሚቀረኝ 93።

ደብተር_ያዥ

እንግዲህ እንደገና።

በስድስት ወር 12 ክሬዲት የምትሄጂ ከሆነ «ሐ» ስድስት ተርም፣ 12,600። «ለ» 93 በ90፣ 8,370፤ መጽሐፍ 1,860፤ ስምንት ሴሚስተር ቴክኖሎጂ 1,440። ድምሩ 11,670። አሁን «ለ» ረከሰ።

15 ክሬዲት ከቻልሽ «ሐ» አምስት ተርም፣ 10,500። «ለ» 11,490። «ሐ» ይረክሳል።

መስመሩ ከአራት ኮርስ ወደ አምስት ተንቀሳቀሰ ማለት ነው። በስድስት ወር አምስት ኮርስ፣ ሥራ ላይ ሆነሽ፤ ትችያለሽ?

ሠራተኛዋ_ተማሪ

እውነቱን ልናገር? አራት አዎ። አምስት ሁልጊዜ አይሆንም። ዓመት መዝጊያ ላይ ሥራ ቦታ ማምሸት ግዴታ ነው።

የማታ_ተማሪ

እንደ «ሐ» ያለ የጥቅል ክፍያ በቋሚ ዋጋ ያልተገደበ ኢንተርኔት እንደመግዛት ነው፤ ተጠቀምሽም አልተጠቀምሽም ቀኑ ይቆጥራል። ዓመት መዝጊያሽ ተርሙ ውስጥ ከወደቀ ያንን ወር ከፍለሽ አልተማርሽበትም። የተርሙን መነሻ ወር ራስሽ የምትመርጪ ከሆነ ጠይቂ። ዌስተርን ገቨርነርስ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ የስድስት ወር ተርም በየወሩ ይጀምራል፤ ሌሎችም በዚሁ መንገድ የሚሠሩ አሉ። ዓመት መዝጊያው ካለፈ በኋላ ጀምሪና በሁለቱ ተርም መሃል ላይ ዕረፍት መውሰድ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቂ።

የሬጅስትራር_ሰው

ደግሞ ፈተና አለ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ኮርሱን ሳትቀመጪ ተፈትነሽ ብታልፊ ክሬዲቱን ይይዝልሻል። የአሜሪካዎቹ ክሌፕ የሚባለውን የኮሌጅ ቦርድ ፈተና ይቀበላሉ፤ ማኔጅመንት፣ ማርኬቲንግ፣ የቢዝነስ ሕግ፣ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ፋይናንሻል አካውንቲንግ አለው። አብዛኛው አንድ ፈተና ሦስት ክሬዲት ነው። አካውንቲንግ የተማርሽ ሰው ስለሆንሽ ኢኮኖሚክሱ አይከብድሽም። ግን እዚህም ላይ ያው ጥያቄ ነው፦ ክሬዲቱ የሚገባው ከሚቀሩሽ ኮርሶች ቦታ ነው ወይስ እንደገና ኤሌክቲቭ ነው?

ደብተር_ያዥ

አራት ፈተና ብታልፊ 12 ክሬዲት ወረደ። 72 የነበረው 60 ሆነ። በአራት ኮርስ ፍጥነት አምስት ተርም፣ 10,500፤ የፈተናው ክፍያ ይጨመርበት። አንድ ሙሉ ተርም፣ 2,100 ቆጠብሽ። «ለ»ም ፈተና ይቀበል እንደሆነ እይ፤ ከተቀበለ ዋጋቸው ይቀራረባል። ያኔ በጊዜ ነው የምትለዪው፤ «ሐ» በሁለት ዓመት ተኩል ያልቃል።

ሠራተኛዋ_ተማሪ

«ለ» ፈተና አይቀበልም፤ አሁን ደውዬ ነው። «ሐ» ይቀበላል፤ የቱን በቱ እንደሚተካ ግን በጽሑፍ ጠይቂ አሉኝ። ወደ «ሐ» አዘንብያለሁ። ይህን ልልክ ነው፣ እዩልኝ፦

«ሰላም፣ የግምገማ ዝርዝሩ ደርሶኛል። ከመመዝገቤ በፊት የሚከተሉትን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። 1) ለመመረቅ የሚቀረኝ 72 ክሬዲት ብቻ መሆኑን። 2) ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማርኬቲንግና ማኔጅመንት በፈተና ባልፍ ከ72ቱ ላይ መቀነሳቸውን። 3) በሁለት ተርም መካከል ዕረፍት ብወስድ የሚጠየቅ ክፍያ መኖር አለመኖሩን። 4) አንድ ኮርስ ብወድቅ ለመድገም የሚከፈለውን።»

የሬጅስትራር_ሰው

ጎበዝ። አምስተኛ ጨምሪ፦ ተርሙ ከጀመረ በኋላ ባቋርጥ እስከ ስንተኛው ቀን ድረስ ስንት ይመለስልኛል። ስድስተኛ ደግሞ 2,100ው እስክመረቅ ይቆማል ወይስ በየዓመቱ ይጨምራል። መልሱን ከስልክ አትቀበይ፣ በኢሜይል ይላኩ። ኢሜይሉንም ከትራንስክሪፕትሽ ጋር አስቀምጪው፤ የሚገመግምሽ ሰው ቢቀየር የምታሳዪው እሱን ነው።

ሠራተኛዋ_ተማሪ

ሁለቱንም ጨምሬ ልኬዋለሁ። መልሳቸውን እዚሁ እለጥፋለሁ።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

እኔ አሁንም ሀ።